ፊልሙ ጠፍቶ መጽሐፉ ሲቀር፦ የቴራንስ ዲክስ የድርሰት ሕይወት

የእንግሊዙ ማሰራጫ ድርጅት ቢቢሲ «ዶክተር ሁ» የተባለውን ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ድራማ ለውጭ አገር ጣቢያዎች በሸጠበት ዘመን፣ ከገዢዎቹ መካከል ናይጄሪያ፣ ኬንያ፣ ዛምቢያ፣ ኡጋንዳ እና ኢትዮጵያ ይገኙበታል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ሲሆን፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ስርጭቱ ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ ብዙም አይርቅም ነበር። ሆሳዕና ያን ጊዜ በሸዋ ጠቅላይ ግዛት የከምባታና ሐድያ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች፤ በቡታጅራ መንገድ ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ስለዚህ ፊልሙ አገር ውስጥ ገብቶም እንኳ የሆሳዕና፣ የዱራሜ፣ የሾኔና የአንጋጫ ሰው ዓይን ዘንድ አልደረሰም። ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ድራማው ኖቬምበር 23 ቀን 1963 ለንደን ላይ ተጀመረ። ባለታሪኩ «ዶክተሩ» የሚባል የሌላ ዓለም ሰው ነው። የሚጓዘው በዘመናትና በከዋክብት መካከል ሲሆን፣ መርከቡ ከውጭ ሲያዩት የለንደን ፖሊስ ሰማያዊ የስልክ ሳጥን ይመስላል። ሞት ሲቃረበው መልኩን ይለውጣል፤ ተዋናዮች እየተቀያየሩ ድራማው እስከ ዛሬ የዘለቀው በዚህ ብልሃት ነው።

የቪዲዮ ቴፕ በዚያ ዘመን ውድ ነበር። ቢቢሲ አንዱን ፕሮግራም እያጠፋ በዚያው ቴፕ ሌላ ይቀዳበት ነበር። ለውጭ ገበያ የታተሙት የፊልም ጥቅሎችም ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ይዘዋወሩና ውላቸው ሲያልቅ ወይ ይመለሳሉ ወይ ይወገዳሉ። ይህ አሠራር የቆመው በ1978 ነው። በ1960ዎቹ ከተላለፉት 253 ክፍሎች ውስጥ ከ90 በላይ የሚሆኑት ምስላቸው እስካሁን አልተገኘም። ድምፃቸው ግን ተርፏል፤ ያተረፉትም ተመልካቾች ናቸው፣ ቤታቸው ቁጭ ብለው ከቴሌቪዥኑ ድምፅ በቴፕ ይቀዱ ስለነበር። ለድጋሚ ማየት መንገድ አልነበረም። ቅዳሜ ማታ ያመለጠው ሰው አመለጠው።

የቴራንስ ዲክስን የሥራ ዘመን ከዚህ ጥፋት ነጥሎ መመዘን አይቻልም። ዲክስ በሕይወት ሳለ ብዙ ሐያስያን «የፊልም ተከታይ መጽሐፍ ጸሐፊ» ብለው አልፈውታል፤ ሌላ ሰው የፈጠረውን ወደ ወረቀት የሚገለብጥ የእንጀራ ጸሐፊ ማለታቸው ነው። መዝገቡን አንድ በአንድ ያየ ሰው ግን ሌላ ነገር ያገኛል።

ቴራንስ ዊልያም ዲክስ ኤፕሪል 14 ቀን 1935 በምሥራቅ ለንደን፣ ኢስት ሃም በሚባለው ሰፈር ከተራ ቤተሰብ ተወለደ። በሰፈሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተምሮ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ዳውኒንግ ኮሌጅ ገባና የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ አጠና። የግዳጅ ውትድርናውን ፈጽሞ ሲመለስ ለአምስት ዓመታት የማስታወቂያ ጽሑፍ ጻፈ። በኋላ የታወቀበት አጭርና ቀጥተኛ አጻጻፍ ከዚህ ሥራ የመጣ ይመስለኛል፤ ማስታወቂያ ጸሐፊ አንባቢው ገጹን ከመግለጡ በፊት ነገሩን ጨርሶ መናገር አለበት።

ወደ ቴሌቪዥን ያስገባው አከራዩ ነው። ዲክስ ክፍል ተከራይቶ ይኖር የነበረው በስክሪፕት ጸሐፊው በማልኮም ሃልክ ቤት ነበር። ሃልክ «ዘ አቬንጀርስ» ለተባለው የስለላ ድራማ ሲጽፍ ተከራዩን አጋር አደረገው፤ ከ1962 ጀምሮ የሁለቱ ስም አብሮ ይታያል። ከዚያ ዲክስ «ክሮስሮድስ» ወደተባለ፣ በሳምንት አራትና አምስት ቀን ወደሚተላለፍ ተከታታይ ድራማ ገባ። እዚያ ጽሑፍ የሚፈለገው ለዛሬ ነው፤ ለነገ ብሎ ነገር የለም። በዚያው ሥራ የተዋወቀው ዴሪክ ሸርዊን በ1968 «ዶክተር ሁ» ውስጥ የስክሪፕት ረዳት አርታዒ እንዲሆን ጠራው።

ዲክስ የአርታዒውን ግዴታ በኋላ በሰጣቸው ቃለ ምልልሶች ሁሉ በአንድ ዓይነት መንገድ ገልጾታል፤ ቅዳሜ ማታ ስክሪኑ ባዶ እንዳይሆን ማድረግ ነው ይላል። በ1969 ይህ የምር ተፈተነ። ለወቅቱ መዝጊያ የታሰቡት አንድ ባለ አራት ክፍልና አንድ ባለ ስድስት ክፍል ድርሰት ሁለቱም ሳይሳኩ ቀሩ። አሥር ሳምንት ባዶ ሆነ። ዲክስ የቀድሞ አከራዩን ጠርቶ «የጦርነት ጨዋታዎች» የተባለውን ባለ አሥር ክፍል ድርሰት አብረው ጻፉ፤ ከኤፕሪል 19 እስከ ጁን 21 ቀን 1969 ተላለፈ። ከየዘመኑ ጦርነት የተጠለፉ ወታደሮች በአንድ ባዕድ ምድር ላይ ይዋጋሉ፤ ጠላፊዎቹ የማይበገር ሠራዊት ሊያወጡ ፈልገው ነው። ዶክተሩ ሁሉንም ወደየአገራቸው መመለስ ሲያቅተው ከእነሱ ሸሽቶ የኖረውን ወገኖቹን ለእርዳታ ይጠራል። እነሱም ወታደሮቹን መልሰው እሱን ለፍርድ ያቆሙታል። ፍርዱም መልክህን ለውጥ፣ ወደ ምድርም ተሰደድ የሚል ነው።

ስድስት ዓመት ሙሉ የባለታሪኩ ወገኖች ስም አልነበራቸውም። «የጊዜ ጌቶች» የተባሉት በዚህ ድርሰት ነው፤ ዛሬ ድረስ የዓለም ተመልካች የሚያውቀው የድራማው መሠረት ቀዳዳ ለመድፈን ሲባል በችኮላ ከተጻፈ ጽሑፍ ወጣ። የችኮላ ሥራ ሁሉ ከንቱ ነው የሚል ካለ ይህን ይመልከት።

የስደቱ ሐሳብ ግን ከዲክስ የመጣ አይደለም፤ ወጪ ለመቆጠብ ሲባል ከእሱ በላይ ያሉ ሰዎች የወሰኑት ነው፣ ታሪኩ ሁሉ በዘመናዊት እንግሊዝ ይሁን ብለው። ሃልክ ይህን ሲሰማ ሁለት ዓይነት ታሪክ ብቻ ነው የቀረላችሁ፣ ወይ ከሰማይ የመጣ ወራሪ ወይ ያበደ ሳይንቲስት፣ አለው። ዲክስ በነገሩ ተጨንቆ ሃልክን ራሱን መልስ እንዲጽፍ አደረገው። ሃልክ በ1970 ያመጣው ድርሰት ወራሪ የለበትም። ከሰው ልጅ በፊት ምድርን የገዙ፣ ከመሬት በታች ተኝተው የቆዩ ፍጥረታት ነቅተው አገራችንን መልሱልን ይላሉ። ዲክስ ከፕሮዲዩሰሩ ከባሪ ሌትስ ጋር እስከ 1974 በአርታዒነት ሠራ። ሁለቱ በ1973 «ሙንቤዝ 3» የተባለ የራሳቸውን የጨረቃ ድራማ ፈጥረው ነበር፤ ስድስት ክፍል ተላልፎ ቆመ።

በዚያው ዓመት ታርጌት የተባለ አዲስ የልጆች መጻሕፍት አሳታሚ በ1960ዎቹ የወጡ ሦስት የ«ዶክተር ሁ» መጻሕፍትን ደግሞ አሳተመ። ተሸጡ። አርታዒው ሪቻርድ ሄንዉድ ሌላም አለ ወይ ብሎ ወደ ቢቢሲ ሄደ። ሌላ አልነበረም፤ መጻፍ ነበረበት። ዲክስ የመጀመሪያውን እኔ እጽፋለሁ አለ። ያን ጊዜ 38 ዓመቱ ነው፤ አንድም ልብ ወለድ ጽፎ አያውቅም።

«የኦቶን ወረራ» በጃንዋሪ 1974 ወጣ። ምንጩ ሮበርት ሆልምስ በ1970 ለቴሌቪዥን የጻፈው ባለ አራት ክፍል ድርሰት ነው፦ በሱቅ መስኮት የቆሙ የፕላስቲክ አሻንጉሊቶች ነፍስ ዘርተው ሰው ይገድላሉ። መጽሐፉን ከፊልሙ ጎን አስቀምጦ ማንበብ የዲክስን እጅ ያሳያል። ፊልሙ የሚጀምረው ከሰማይ በሚወርዱ እንግዳ ኳሶች ነው። መጽሐፉ ግን በ1969ኙ የፍርድ ሸንጎ ይከፈታል። ያ ክፍል ሲተላለፍ ያላየ ወይም ገና ያልተወለደ ልጅ ይህ ሰው ለምን ምድር ላይ እንደወደቀ ሳያውቅ እንዲገባ ዲክስ አልፈለገም። መጨረሻውም ይለያል። በፊልሙ የወራሪው እውነተኛ አካል ሲገለጥ የሚታየው የጎማ ክንዶች በተዋናዩ አንገት ተጠምጥመው ነው፤ የቢቢሲ በጀት ከዚያ በላይ አልፈቀደም። በመጽሐፉ ከሸረሪት፣ ከሸርጣንና ከኦክቶፐስ የተውጣጣ ግዙፍ ፍጥረት ይነሣል። የሆልምስ ስክሪፕት ያሰበውን፣ ካሜራው ያልደረሰበትን ነገር ዲክስ በጥቂት አንቀጽ አደረሰው።

ከዚያ በኋላ ለ16 ዓመታት ያህል ሳያቋርጥ ጻፈ። ለታርጌት ብቻ ከ60 በላይ መጻሕፍት አወጣ፤ ከተከታታዩ ሲሶ በላይ የእሱ ነው። ብዙዎቹ ከ130 ገጽ አይበልጡም። ቢቢሲ ስክሪፕቱን ይልክለታል፤ እሱ ንግግሩን ይጠብቃል፣ ትዕይንቱን ያሳጥራል፣ ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይሰጣል። የመርከቡን መነሣትና ማረፍ ከመጽሐፍ እስከ መጽሐፍ በዚያው ቃል ይገልጸዋል። ሐያሲ ይህን ድክመት ይለዋል፤ ከመካከላቸውም በጥድፊያ የተጻፉ፣ ከስክሪፕቱ እምብዛም ያልራቁ መጻሕፍት መኖራቸው አይካድም። የተደጋገመው ቃል ግን ለዘጠኝ ዓመት ልጅ የታወቀ በር ነው፤ ተረት ነጋሪም በየምሽቱ በአንድ ዓይነት አከፋፈት ይጀምራል። የድራማው የኋላ ጸሐፊዎች ራስል ቲ. ዴቪስ እና ስቲቨን ሞፋት በ2018 የራሳቸውን ድርሰቶች፣ ፖል ኮርኔል ደግሞ አንዱን የሞፋት ድርሰት በዚያው በታርጌት ስም ወደ መጽሐፍ መልሰዋል። ይህን ያደረጉት በልጅነታቸው የትኛውን መደርደሪያ ያስሱ እንደነበር ስለማይረሱ ነው።

በእኛ አገር የሄድንበት መንገድ ተቃራኒው ነበር። «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተረክ፣ መጽሐፉን በእጁ ይዞ የማያውቅ የገጠር ሰው ሁሉ በዛብህንና ሰብለን አወቀ። ድምፅ መጽሐፍ ለሌለው ሰው መጽሐፍ ሆነ። የዲክስ ወረቀት ደግሞ ስክሪን ለሌለው ልጅ ስክሪን ሆነ። ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ በኋላ በሐድያና በከምባታ ከተሞች ልጆች በሐዲይሳና በከምባትሳ መማር ጀምረዋል፤ ከመማሪያው መጽሐፍ ውጭ ግን አንድ ልጅ ለደስታው ብሎ በአፍ መፍቻ ቋንቋው የሚያነበው አጭር ታሪክ ገና ብዙ ይቀረዋል። ሆሳዕና ወይም ዱራሜ ላይ ተቀምጦ አንድ የሬዲዮ ድራማን ወደ መቶ ገጽ መጽሐፍ የሚመልስ ደራሲ ቢነሣ፣ ሥራው ከሌላ የመጣ ነው ተብሎ ሊናቅ አይገባም። ዲክስ የሚያስተምረው ካለ ይህን ነው።

በስክሪፕት ጸሐፊነቱ ከአርታዒነት ከወጣ በኋላም ቀጥሏል። የዶክተሩን ሚና የተረከበውን የተዋናይ ቶም ቤከርን የመጀመሪያ ታሪክ «ሮቦት»ን ጻፈ፤ ከዲሴምበር 28 ቀን 1974 ጀምሮ ታየ። በ1976 የሆነው ነገር ግን ባሕርዩን የበለጠ ያሳያል። ለ«የሞርቢየስ አንጎል» የጻፈው ስክሪፕት የጌታውን የተሰባበረ አካል ከየሬሳው ቆራርጦ ለመጠገን የሚለፋ፣ ስለ ሰው መልክ ምንም የማያውቅ ሮቦት ነበረበት። እሱን የተካው አርታዒ ሮበርት ሆልምስ ሮቦቱ ወጪ ያስወጣል ብሎ አስወጣውና በቦታው አንድ ያበደ ሐኪም ተካ። ዲክስ ተቆጣ፤ ስሜን አንሡና ማንነቱ የማይለይ የሆነ ተራ ስም አድርጉበት አለ። በጃንዋሪ 1976 በስክሪኑ ላይ የወጣው ስም «ሮቢን ብላንድ» የሚል ነው። ቁጣውን የምናውቀው ከራሱ አንደበት፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ስሙ ግን እስከ ዛሬ በፊልሙ ላይ አለ። በቀጣዩ ዓመት ታርጌት ያንኑ ታሪክ ወደ መጽሐፍ መልሰው ሲለው ዲክስ ተቀበለ፣ የጻፈውም የራሱን ሮቦት ሳይሆን የሆልምስን ሐኪም ነው። ልጁ በቴሌቪዥን ያየውን ታሪክ በመጽሐፉ ማግኘት አለበት። የራሱን ስክሪፕት ለማስመለስ ከዚህ የተሻለ ዕድል አልነበረውም፣ አልተጠቀመበትም። እኔ ለሙያው የነበረውን ታማኝነት የምለካው በዚህ ነው።

በ1977 ደግሞ የደም መጣጮች ታሪክ አዘጋጅቶ ነበር። ቢቢሲ በዚያው ዓመት «ካውንት ድራኩላ»ን በትልቅ ወጪ ሊያሳይ ስለነበር ሁለቱ እንዳይጋጩ ተብሎ ታገደ። ዲክስ በምትኩ በጭጋግ በተከበበ የመርከብ መብራት ማማ ውስጥ የሚያልቅ ጠባብና አስፈሪ ድርሰት በአስቸኳይ ጻፈ። የታገደው በ1980 ተሻሽሎ ወጣ። በ1983 የድራማው 20ኛ ዓመት ሲከበር ለበዓሉ «አምስቱ ዶክተሮች»ን የጻፈው፣ ወደ መጽሐፍም የመለሰው እሱ ነው።

ከ1981 ጀምሮ የቀን ሥራው ሌላ ሆነ። ባሪ ሌትስ የቢቢሲን የእሑድ ክላሲክ ድራማ ሲመራ ዲክስን በአርታዒነት ወሰደው፤ ከ1985 እስከ 1988 ራሱ ፕሮዲዩሰር ነበር። «ኦሊቨር ትዊስት»፣ «ዴቪድ ኮፐርፊልድ» እና «ቫኒቲ ፌር» በእሱ ዘመን ተሠሩ። በካምብሪጅ ያጠናቸው የ19ኛው መቶ ዘመን ልብ ወለዶች በእጁ ወደ ስክሪን ሄዱ፣ በትርፍ ሰዓቱ ደግሞ ስክሪኑን ወደ መጽሐፍ ያመጣ ነበር። ያልተጠበቀ ቢመስልም ሥራው አንድ ነው፦ ምን ይቆረጥ፣ ምን ይቅር፣ ሰው ልቡን የሚሰጠው የቱ ላይ ነው የሚለውን ማወቅ።

ድራማው በ1989 ለዓመታት ከስርጭት ሲወጣ ሙሉ በሙሉ አዳዲስ ልብ ወለዶች መውጣት ጀመሩ፤ ዲክስ በ1991 «ኤክሶደስ»ን፣ በ1997 ደግሞ የአዲስ ተከታታይ መክፈቻ የሆነውን «ስምንቱ ዶክተሮች»ን ጻፈ። የመጨረሻዎቹ ሁለት የ«ዶክተር ሁ» መጻሕፍቱ በ2007 እና በ2008 የወጡት ማንበብ ለሚከብዳቸው አዋቂዎች በሚታተም የአጫጭር መጻሕፍት ተከታታይ ውስጥ ነው። ዕድሜው ከ70 ያለፈ፣ ስሙ የታወቀ ደራሲ ገና ፊደል ከሚታገል አዋቂ ጎን ቁጭ ሲል ማየት ለእኔ ከሽልማት ይበልጣል።

ከዚያ በኦክቶበር 2013 አንድ ዜና ተሰማ። በናይጄሪያ ጆስ ከተማ በአንድ የቴሌቪዥን ማስተላለፊያ ጣቢያ አሮጌ የፊልም ጥቅሎች ተገኙ፤ ከጠፉት የ«ዶክተር ሁ» ክፍሎች ዘጠኙ በውስጣቸው ነበሩ። ከእነዚህ አራቱ በ1968 ከተላለፈው ከ«የፍርሃት ድር» ናቸው፤ በለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ዋሻ ውስጥ ጭጋግና የብረት አውሬ የሚያሳድደው ታሪክ ነው። ጸሐፊዎቹ ሜርቪን ሄይስማንና ሄንሪ ሊንከን ናቸው። ከስድስቱ ክፍል እስከዚያ ቀን የነበረው የመጀመሪያው ብቻ ሲሆን፣ ዲክስ ታሪኩን በ1976 ወደ መጽሐፍ መልሶት ነበር። ለ37 ዓመታት የዚህ ታሪክ ዋናው ምስክር የእሱ መጽሐፍ ነበር ማለት ነው።

አሁን ማመሳከር ተቻለ፤ የመጽሐፉ አካሄድ ከፊልሙ ጋር በእጅጉ ይስማማል። አንድ ቦታ ግን ይለያያሉ። በኋላ በድራማው ለዓመታት የዶክተሩ ወዳጅ የሚሆነው ኮሎኔል ሌዝብሪጅ-ስቱዋርት በግልጽ የሚታየው በሦስተኛው ክፍል ነው፤ ያ ክፍል ዛሬም የለም። ድምፁና ስክሪፕቱ እንደሚያረጋግጡት ሁለቱ ሲገናኙ ተመልካች አያይም፤ ተገናኝተው ሲመጡ ብቻ ነው የሚደርስባቸው። ዲክስ ስምንት ዓመት ቆይቶ ሲጽፍ ይህ ግንኙነት ምን እንዳፈራ ያውቃል፤ ሁለቱን በጨለማው ዋሻ ፊት ለፊት አገናኛቸው። አንድ ትውልድ ሙሉ ያንን ትዕይንት በቴሌቪዥን ያየው ይመስለው ነበር። መጽሐፉን እንደ ምንጭ የሚጠቀም ታሪክ አጥኚ ይህን ልብ ማለት አለበት፤ ዲክስ ታማኝ ምስክር ነው፣ ክፍተት ሲያይ ግን ይሞላል።

ቴራንስ ዲክስ ኦገስት 29 ቀን 2019 በ84 ዓመቱ ለንደን ውስጥ አረፈ። ወደ መጽሐፍ ከመለሳቸው ታሪኮች ውስጥ የ«አስፈሪው የበረዶ ሰው» ከስድስት ክፍል አንዱ ብቻ፣ የ«ፊት አልባዎቹ» ከስድስት ሁለቱ፣ የ«ጎማው በጠፈር» ከስድስት ሁለቱ ተርፈዋል። በ1966 የታየው «ኮንትሮባንዲስቶቹ» አራት ክፍል ነበረው፤ ሙሉ ክፍል አንድም አልተገኘም። ከተንቀሳቃሽ ምስሉ ያለው የአውስትራሊያ ሳንሱር ለልጆች አይሆንም ብሎ የቆረጣቸው የጥቂት ሰከንድ ቅንጣቢዎች ናቸው። ሌላው የተመልካቾች የድምፅ ቅጂ፣ ስክሪፕቱና ዲክስ በ1988 ያሳተመው መጽሐፍ ነው።